ባለ አንድ ጎን

ፖርት ኦገስታ ውስጥ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣
የዴዝመንድ ፕራት ሱቅ አለ፣ ደጁ በጨው ንፋስ ነድዶ።
ሰማንያ ቀፎዬን ከከተማው ዳር አራግፌ፣
ገባሁ፣ በሩን ገፍቼ፣ የሽቦውን ክምር አልፌ።

«ሬዲዮ» አልኩት፣ «ለመኪና፣ በጎን ሞገድ የሚናገር፤
ስልክ ከሞተበት ሜዳ፣ ሰው ከሌለበት አገር
ድምፄን የሚያደርስልኝ፣ ድምፅም የሚያመጣልኝ።»
መነጽሩን ጠራረገና «ማን ሊሰማሽ ነው?» አለኝ።

«ቦይድ ይባላል፤ ሴዱና ነው፤ መልኩን አይቼ አላውቅም።
እሱ እንጂ ሌላ ማንም
ባሕር ዛፉ የት እንዳበበ አይነግረኝም አስቀድሞ፤
አምና አርፍጄ ስደርስ፣ አበባው መሬት ተጋድሞ፣
ንቦቼን ስኳር አበላሁ።»

ሦስት ሬዲዮ ደረደረ ከጠረጴዛው ላይ።
አንዱ ሰባት ቀለም ያበራል፣ የሠርግ ቤት መሳይ፤
ሲነኩት ይጮኻል፣ ሲተዉት ይቆጥራል፣
ራሱ ተናግሮ ራሱ ያስተጋባል።
«ይኼ ለዓይን ነው» አለ፣ «ጆሮ የለውም።»

ሁለተኛው ትንሽ ነው፣ ከመዳፍ አይበልጥም፤
ቁልፎቹ ግን ጤፍ ናቸው፣ ጣት አይጨብጣቸውም።
«በጨለማ፣ በኮረኮንች፣ እጅሽ በንብ አብጦ፣
ምኑን ልትነኪ ነው?» አለና፣ መለሰው ገልብጦ።

ሦስተኛው አሮጌ፣ ቁጥሩ የደበዘዘ፣ ጥጉ የተፋቀ፣
ከአንድ የጭነት ሾፌር ጋር ጡረታ የወጣ፣ ከጋቢና የወለቀ።
እንደ እህል ፀሐይ ላይ አሰጣው፤ ሻይ አፈላ፤ ጠበቅን።
ግማሽ ሰዓት። ብረቱ ጋለ፤ እኛንም ላብ አጠመቀን።
ከፍቶ ሲያዳምጠው፣ ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም።
«የሚዋልል ሬዲዮ» አለ፣ «ቢያወራም ወዳጅ አይደለም፤
ቦይድን ያዝኩት ስትዪ፣ ሙቀት ሲነካው ይሸሻል፤
እጅሽ ከመሪው ተነሥቶ፣ ድምፅ ሲያባርር ይመሻል።»

ለመሆኑ ጎን ሞገድ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት።
ከካርቶን ላይ ሁለት ክንፍ ሳለ፣
መሐላቸው አንድ ተሸካሚ።
«ይኼ ክንፍ የዚያኛው ግልባጭ ነው» አለ፤ ሰረዘው።
«ተሸካሚው ደግሞ ጉልበት ይበላል እንጂ
አንዲት ቃል አይናገርም» አለ፤ እሱንም ሰረዘው።
ካርቶኑ ላይ አንድ ክንፍ ብቻ ቀረ።
«ታዲያ አይወድቅም?»
«ሸክሙ ብቻውን ይሄዳል።
ትከሻውን የሚያዋጣው ሰሚው ነው።»

ሞተሬን አስነሥቶ የናፍጣውን ጩኸት አዳመጠ፣
ማፈኛውን ሲጫን፣ ማጉረምረሙ ከሥሩ ተቆረጠ።
ሒሳቡን ስጠይቅ ግን፣ ብሩን ለሁለት ከፈለው፣
«ግማሹ ለአንቴናው ነው» አለ፣ «ያለሱ ሬዲዮ ምንድን ነው?
የምላስ እስረኛ ነው።»
ከጣሪያዬ መሐል ቀለሙን ፋቀ፣
ብረት ብረትን እስኪነካ፤
ረጅሙን ዘንግ ተከለና፣ ከላይ ጀምሮ እየለካ
በጣት ጥፍር ያህል ቆረጠ፤ ደግሞ ለካ፤ ደግሞ ቆረጠ።
ልጁን የሚላጭ አባት እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም።

ኪምባን አልፌ፣ ሌሊት፣ ንቦቼ ከኋላ ተጭነው፣
ሠላሳ አምስትን ከፈትኩ፣ የታችኛውን ጎን።
ዳክዬ።
ዳክዬ የአየር ሁኔታ ሲያወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?
ማስተካከያውን በጣቴ ጫፍ፣ ቀስ፤
ዳክዬው ሕፃን ሆነ። ቀስ።
ሕፃኑ አደገ፣ ጎረመሰ፣ ድምፁ ሻከረ፣
ሳለ።

ሽማግሌ ነው ለካ! ሁለት ዓመት ሙሉ
በቀድሞው ሬዲዮዬ የሰማሁት ጎረምሳ፣
ከመስመር የወጣ ሽማግሌ ኖሯል።

«ከዉዲና በስተደቡብ» አለ፣ «ነጭ በነጭ ሆኗል፤
ፈጥነሽ ነይ፣ ዝናብ ሳይቀድምሽ።»
አፌ ላይ ማይኩን አስጠግቼ፣ ስንት ዓመትህ ነው ልለው ፈልጌ፣
«ሰምቻለሁ፣ እየመጣሁ ነው» አልኩት።

ዝም።
የሰማዩ ፍሽፍሽታ።
ከዚያ ሳቁ መጣ፣ በሳል የተቆራረጠ፦
«ሌዮኒ፣ አንቺ እኮ ዳክዬ ነሽ፤
ቆዪ፣ ላዙርሽ።»